የግራው ረድፍ

የጥጥ ለቃሚዎች አለቃ፣ ካቦው፣ ራሴን በቀኝ በኩል በዱላ ፈለጠኝ፤ ከዚያ ሰነፍ ብሎ ከጥጥ እርሻው አባረረኝ። በደሉ ይህ ነው፤ አላለሰልሰውም። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የቆምኩት ጌታ ከዚህ እንዴት እንዳወጣኝ ልመሰክር ነው። ሃሌሉያ!

እርሻው በአዳይቱ በኩል ነበር። ለቃሚ በሁለት ረድፍ መሃል እየሄደ ግራና ቀኙን ይለቅማል። እኔ ከተመታሁ ወዲህ የቀኙን ብቻ እለቅም ጀመር። የግራው እንደ ነጣ ይቀራል።

"አንተ ባለግማሽ! ይኼን ለማን ተውከው?" ይላል ካቦው። ለቃሚው ሁሉ ይስቃል።

"ጨርሻለሁ!" ብዬ እምላለሁ። አልዋሸሁም፤ ለእኔ ያ ረድፍ አልነበረም።

ተባርሬ አዋሽ ከተማ ገባሁ። ባለቤቴ አስካለ በባቡር ጣቢያው ሠፈር ከአማኞች ጋር ትጸልያለች፤ እኔ እሰድባታለሁ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ "ግማሽ እንጀራ? ሌላውን ለጴንጤዎችሽ ነው?" ብዬ እጄን አነሣሁባት። ትሪውን አዞረችው። ግማሹ እንጀራ ከነወጡ እዚያው ነበር! እጄ አየር ላይ ቀረ።

ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ጣቱን ወዲያ ወዲህ እያደረገ መረመረኝና፣ "ዓይንህ ደህና ነው፤ የተጎዳው አንጎልህ ነው። በግራህ ያለውን ልብ የሚለው በቀኝ ያለው አንጎል ነው። ስንፍና አይደለም። አንጎል ይማራል፤ አስለምደው" አለኝ።

ስንፍና አይደለም! እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ጌታ ይመስገን! በዚያው ቀን ከአስካለ ጎን ተንበርክኬ ጌታን ተቀበልኩ። ከዚያ በፊት ግራዬን ልብ ባለማለቴ ጋኔን አለበት ብላችሁ የጮኻችሁብኝ እዚህ አላችሁ፤ እናንተንም ይቅር ብያለሁ።

ፊደል አላውቅም ነበር። አስካለ አስተማረችኝ። በየገጹ ግራ ጠርዝ በቀይ እርሳስ ታሰምርና፣ "ቀዩን ሳታገኝ እንዳትጀምር፣ አንተ ቁጡ!" ትለኛለች። መሃል ላይ ስጀምር ቃሉ ትርጉም ያጣል፤ ተናድጄ መጽሐፉን እወረውራለሁ። አንሥታ መልሳ ትሰጠኛለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ አንገቴ ሳላዘው ወደ ግራ መዞር ለመደ። ሃሌሉያ!

ጥጥ ሲደርስ ወደዚያው ካቦ ሄድኩ። "ባለግማሹ መጣ!" አለ።

"ከኋላዬ ሆነህ እይ" አልኩት።

ጫፍ እስክደርስ ግራ ግራውን እያየ ተከተለኝ። አንድ ፍሬ አላገኘም። ለቃሚዎቹ ፊት፣ "ሰነፍ አልነበርክም። በድዬሃለሁ" አለ። ልመታው ሁለት ዓመት ያሰብኩትን ሰው እጁን ጨበጥኩት። ያ የጌታ ሥራ ነው፤ የእኔ አይደለም!

ወገኖቼ፣ ምሕረት የለም የምትሉ፣ እኔም እንጀራው የለም ብዬ ነበር። ዞር በሉ፤ ጌታን እመኑት።

ከካቦው ጋር የነበረኝ ነገር ያለቀው ኅዳር 12 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው።