ፍሊት ካሜራ የያዘ ጊዜ

ሰፈሩ የሚያውቀው «ፍሊት» በሚለው ስም ነው። ቤት ለቤት እየዞረ በረሮና ትኋን የሚፈጅ የተባይ መድኃኒት ረጪ ስለሆነ፣ የመድኃኒቱ ስም ቢለጠፍበት አይገርምም። እሱም ተቀብሎታል፤ ስልክ ሲያነሳ ራሱ «ፍሊት ነኝ» ይላል። ዘንድሮ ግን ደረቱ አስቸገረው። ሳሉ አልለቅ ሲለው ሐኪሙ የአንድ ወር ዕረፍት ጻፈለትና «ሥራውን ብትተወው ነው የሚሻልህ» አለው። አፍ አያስከፍልም። ሌላ ምን ሥራ እንደሚችል ግን አልጠየቀውም።

የጠየቀችው ሚስቱ ናት። እሷ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት፤ ደም አይታ ፊቷን የማታዞር ሴት፣ የባሏን ሰማያዊ የሥራ ቱታ ግን በጣቷ አትነካም። «የሰው ቁስል አጥባለሁ፣ መርዝ አላጥብም» ብላ ገና ድሮ ቆርጣለች። ስለዚህ ቱታው ቤት አይገባም፤ ጓሮ ውስጥ፣ እሷ በምትሳሳለት ሎሚ አጠገብ፣ ሽቦ ላይ ተሰቅሎ ይውላል። ሎሚው አበባ በአበባ ይሆንና ፍሬ ሲባል ድምፁን ያጠፋል።

ታናሽ ወንድሟ ፎቶ ቤት አለው። የእህቱን ጭንቀት ሲሰማ አንድ አሮጌ ካሜራ ከነሌንሱ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቺ ሌንስ የሙሽራ ቀለበት ማንሻ ነበረች። ትንሹን ነገር ግዙፍ አድርጋ ታሳያለች። ወሩን ጓሮ ተቀመጥና ነፍሳት አንሳባት። ዓይኗ ጥርት ያለ አንዲት ንብ ካሳየኸኝ እጅህ ለሥራው ይሆናል ማለት ነው፤ ወደ መርዙ መመለስህ ይቀርና ፎቶ ቤት አብረን እንሠራለን።»

ፍሊት ሳቀ። ነፍሳት? በረሮ የት እንደሚያድር፣ ጉንዳን በየት እንደሚገባ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ንብ ማለት እኮ ክንፍ ያላት ተባይ ናት አለ በልቡ። ወሩን ሙሉ ሲያስበው ያፈረው በዚች ሳቁ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ንብ የሎሚው አበባ ላይ አረፈች። ፍሊት የለመደውን አደረገ፤ ከኋላ መጣና ክንዱን ዘርግቶ በአንድ ጊዜ ተጠጋት። ዕድሜ ልኩን ወደ ነፍሳት የሄደው እንደዚህ ነው፤ ከመሸሻቸው በፊት ደርሶ ለመጨረስ። እንዲቆዩለት ፈልጎ አያውቅም። ካሜራው ቀጭ ሲል ንቧ የለችም። ከካሜራው ጀርባ ባለው ማሳያ መስተዋት ላይ የቀረው ቢጫ ጭጋግ ብቻ ነው። ሊያጠፋው ፈለገ፣ ማጥፊያው የት እንደሆነ ግን አላወቀም።

ከዚያ ወዲህ መከራው ተጀመረ። የሌንሷ ጠባይ እንደ ክፉ አማት ነው፤ በምንም አትደሰትም። የንቧን ዓይን አገኘሁ ሲል ክንፏ ይደበዝዛል፣ ክንፏን ሲያጠራ ዓይኗ ይጠፋል። ፀጉር ታህል ወደፊት ካለ አለፈ፣ ወደኋላ ካለ ቀረ። ሁሉ ነገር ተሰካክቶ ሊጫን ሲል ደግሞ ንፋስ መጥቶ አበባውን ይወዘውዛል። ካሜራውን ወንበር ላይ በገመድ አሰረው፤ ንቧ ሌላ አበባ መረጠች። ወንበሩን አዞረ፤ ጥላው ወደቀባትና ሄደች። ወንድምየው በስልክ «ትንፋሽህን ያዝ» አለው። ያዘ። ትንፋሽ ሲይዝ ሳሉ መጣ፤ ሲስል ቅርንጫፉ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። አንዴም ሳይጫን ፍሊት እርር ድብን አለ።

ሚስቱ መስኮት ላይ ሆና ታየዋለች። «አንተ ሰውዬ፣ ፎቶ እያነሳህ ነው ወይስ እያባረርካቸው?»

«ዝም በይ፤ ድምፅሽ ያስበረግጋቸዋል።»

«የእኔ ድምፅ ነው የሚያስበረግጋቸው? አንተን አውቀውህ ነው እንጂ። ስምህን ሰምተዋል።»

ቀልዱ አልጣመውም። ደጋግሞ ሲቀመጥ አንድ ነገር እየታየው መጥቶ ነበር። የጎረቤት አጥር ላይ ያለው ቁጥቋጦ ከንብ ብዛት ይዘምራል። የእሱ ሎሚ ያን ያህል አብቦ ከንጋት እስከ ቀትር የሚጎበኙት አንዲት ወይ ሁለት ናቸው። ምክንያቱን መጠየቅ አልፈለገም። ካሜራውን ወቀሰ፣ ፀሐይዋን ወቀሰ፣ ሐኪሙን ሳይቀር ሰደበ።

ወሩ አለቀና የመጨረሻው እሁድ መጣ። ሰኞ አለቃው ይጠብቀዋል፤ ማታ ደግሞ ወንድምየው ሊያይ ይመጣል። ፍሊት ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ ወገቡ ተቆረጠ። አንዲትም አልመጣችለትም። ተስፋ ቆርጦ ገመዱን ሲፈታ፣ አጠገቡ ሰማያዊ ነገር ላይ አንዲት ንብ አርፋ አየ። የቱታው እጅጌ ላይ ናት። ቀስ ብሎ ተጠጋ፤ አልሸሸችም። ጥላው ወደቀባት፤ አልሸሸችም። ሳለ፤ አልሸሸችም። ተጫነ።

ዓይኗ ይኸው። ጥቁር፣ የሚያበራ፣ ዙሪያውን ስስ ፀጉር የከበበው። ይህን ሁሉ ዘመን ሲፈጃቸው ዓይን ላይ ፀጉር እንዳለ አያውቅም ነበር። እንደ ልጅ ሮጦ ወጥ ቤት ገባና ለሚስቱ አሳያት።

«አምላኬ፣ እንዴት ታምራለች» አለች ሚስቱ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። ካሜራውን አስጠጋች። ቀጥላ ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ ጨርቅ ያንተ ቱታ አይደለም?»

ፍሊት ተመልሶ ወጣ። ንቧ እጅጌው ላይ በጎኗ ወድቃ እግሮቿን ታርገፈግፋለች። እሱ የሚያውቀው እርግፍግፍ ነው፤ በየቤቱ ወለል ላይ ሲጠርገው የኖረው። በቅጠል አንስቶ አበባው ውስጥ አስቀመጣት። ትነሳ ይሆናል ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። እንደማትነሳ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ መቀመጡን ግን አልተወም። ለአንዲት ንብ እንዲህ መሆኑ አናደደው።

ማታ ወንድምየው መጣ። «እሺ ጋሼ፣ አሳየኝ እስቲ።»

ፍሊት ካሜራውን ሰጠው። ወንድምየው መስተዋቱን ወደ መብራቱ አዘነበለ፣ ወደ ራሱ አዞረ፣ ግንባሩን ቋጠረ።

«ምንድነው ይሄ? ቢጫ ጭስ?»

«ንብ ናት።»

«ወሩን ሙሉ ይቺን ብቻ?»

«ሌላ አንዲት ነበረች፤ አጠፋኋት።» ማጥፊያውን ያን ቀን ከሰዓት ነበር የተማረው።

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ በዚህማ ፎቶ ቤት አላስገባህም» አለ ወንድምየው፣ እያዘነ። «ነገም ወደዚያው ልትመለስ ነው?»

«አልመለስም። ቱታውን ቀብሬዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ልትሆን ነው?»

«እኔ እንጃ።» ፍሊት ካሜራውን ተቀበለና ቢጫውን ጭጋግ ደግሞ አየው።

«እሺ፣ ቢያንስ ዓይኗን ለምን አልጠበቅክም?»

«የት ትቆየኛለች» አለ። «ይቺኛዋ በርራ ሄደች።»