ጋሽ ይልማ ከተኩስ ሜዳ ያባረረኝ ቅዳሜ

ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት። የደወለችው የጋሽ ይልማ ልጅ ሳሮን ናት። መልሳ ስትደውል አላነሳሁም። ሦስተኛው ላይ አነሳሁ። "አባዬ የለም" አለችኝ። ዛሬ ጠዋት፣ አትላንታ ዳር ታከር የሚኖርበት ቤት በር ላይ መኪናውን አስነስቶ ወደ ሥራ ሊሄድ ሲል ልቡ ቀጥ አለች።

ጋሽ ይልማ ሞተ ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ ይለኛል። ሦስቴ አጥፍቼ ነው የጻፍኩት።

ለማታውቁት፣ ጋሽ ይልማ የመጋዘን ሱፐርቫይዘር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከአትላንታ አንድ ሰዓት ወጣ ብሎ ጥድ መሀል ያለ የተኩስ ሬንጅ ላይ እኛን ሐበሾቹን ሰብስቦ ተኩስ ያስተምረናል። እንስሳ አይደለም የምንተኩሰው። ማሽን ወደ ሰማይ የሚወረውራት፣ መዳፍ የምታህል ብርቱካንማ የሸክላ ሳህን አለች፣ እሷን አየር ላይ በሾትገን ጠመንጃ መስበር ነው። ጨዋታ ነው በቃ። እሱ ግን ሕግ ላይ ጨዋታ አያውቅም።

የመጀመሪያ ቀን በነጠላ ጫማ ሄድኩ። እግሬን አይቶ "ዋና ነው እንዴ የመጣኸው? የጋለ ቀለህ ጣትህ ላይ ሲወድቅ ታየዋለህ" አለኝና ከመኪናው ትራንክ ሁለት ቁጥር የሚበልጠኝ ጫማ አወጣልኝ። መነጽርም ሰጠኝ። ትርፍ የጆሮ መከላከያውን ግን ሌላ አዲስ ሰው ወስዶታል። የራሱን አውልቆ እኔ ላይ አጠለቀው። ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ጠዋት ሲጠብቅ የከረመ ሰውዬ፣ መስኮት ዘግቶ የኛ ዙር እስኪያልቅ መኪናው ውስጥ ቁጭ አለ። "ጆሮዬን ሳልሸፍን አልቆምም፣ አንተንም አላቆምህም" አለ።

ያን ቀን ሃያ አምስት ሳህን ተወረወረልኝ፣ አንድም አልነካሁ። አፍሬ አንገቴን ስደፋ መጣና "ሳህኑም ተረፈ፣ እኛም ተረፍን፣ ምን ጎደለ?" አለኝ። ለሳተ ሰው ሁሉ የሚላት ናት። ስንቶቻችንን በሷ እንዳጽናና አብራችሁን የተኮሳችሁ ታውቃላችሁ።

ተራህ እስኪደርስ መሳሪያህ ወገቡ ታጥፎ ክፍት ይሁን ይላል። ሰው ሲያነጣጥር ከኋላው አታውራ፣ ሳይጠይቅህ አትምከረው፣ የጣልከውን ቀለህ ራስህ ልቀም። ከሁሉ የምትከብደን ደግሞ ለኛ ብሎ የጨመራት ነበረች፣ የተኩስ መስመር ላይ ሰላምታ የለም። እኛ ሰው ሲመጣ ዞር ብለን ካልተሳሳምን ነውር ነው። "እናትህ ብትመጣ እንኳ ፊትህን ከሜዳው አታነሳም" ይል ነበር። መሳሪያው መደርደሪያው ላይ ከገባ በኋላ ግን ቀድሞ የሚያቅፈን እሱ ነው።

ከአምስት ወር በፊት አባቴ ከደሴ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምጠፋ ማየት ፈልጎ ሚስቴ ሬንጁ ድረስ አመጣችው። እኔ ተራዬ ደርሶ ቆሜያለሁ። በዓይኔ ጥግ አየሁት፣ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። አባቴ ቆሞ እንዴት ጀርባዬን ልስጠው? ሳላስበው ዞርኩ። ጥይት የጎረሰው መሳሪያም አብሮኝ ዞረ። አፈሙዙ ሰዉን ሁሉ አዳርሶ አባቴ ደረት ላይ ቆመ።

ጋሽ ይልማ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም። አፈሙዙን በእጁ ወደ ላይ ገፍቶ ነጠቀኝና ጥይቱን አወጣ። "ውጣ" አለኝ። "ውጣ ከዚህ፣ ዛሬ አትተኩስም።" ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አባቴ ፊት፣ ሚስቴ ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት።

ደሜ ፈልቶ ወጣሁ። መኪና ውስጥ የአባቴን ዓይን ማየት አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ሬንጁን አልረገጥኩም። ጋሽ ይልማ በየዓርቡ "ነገ አለን" ብሎ ቴክስት ያደርግልኛል። አይቼ እተወዋለሁ። ባለፈው ዓርብም ልኮልኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ሰው ፊት ስላዋረደኝ መጀመሪያ እሱ ይቅርታ ይበለኝ ብዬ ነው። እንግዲህ እዩት ትዕቢቴን።

ዛሬ ሳሮን ከዘጋች በኋላ ደሴ ለአባቴ ደውዬ መሞቱን ነገርኩት። ከዚያ "ቤት መጥቶ ነበር እኮ" አለኝ።

"መቼ?"

"ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሰኞውኑ፣ አንተ ቢሮ ሳለህ። ጉልበቴ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት። 'ልጅዎን ፊትዎ አዋርጄብዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ' አለኝ። ልንገረው ስለው እምቢ አለ። 'አይንገሩት አባባ። ይቅርታ ጠየቀኝ ብሎ ነገሩን ካቀለለው ሌላ ቀን ይደግመዋል። እኔን ያኩርፈኝ፣ ግድ የለም' አለኝ።"

አባቴ ቃል ሰጥቶት ይህን ሁሉ ጊዜ ጠበቀለት። እኔ ደንዉዲ ሰፈር ያለው ቢሮዬ ፓርኪንግ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ወደ ውስጥ መግባት አልቻልኩም። አሁን ወደ ታከር እሄዳለሁ። ሳሮንን ምን እንደምላት አላውቅም።

ጋሼ፣ አምስት ወር ኩርፊያዬን ዝም ብለህ ተሸከምክልኝ። አንድ ጊዜ "መጣሁ" ብዬ ብመልስልህ ምን ነበረበት? እንዴት እንደምጸጸት ብታውቅ።

የተቀየምኩህ ሰው ፊት ተቆጣኸኝ ብዬ ነው። እኔም ሰው ፊት ልናገረው፣ ሁሉም ያንብበው። ልክ ነበርክ። አባቴን ልገድለው ነበር። ዛሬ ስደውልለት "ሃሎ ልጄ" ብሎ ያነሳልኝ ባንተ ነው።

ደህና ሁን፣ ጋሼ። ይቅር በለኝ።