የግራው ቻርጅ አይዝም

«ሦስቱም ደህና ናቸው። የማይሠራው ያንቺ ግራ ጆሮ ነው።»

የሱቁ ባለቤት ሐጂ ይህን ያሉኝ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ ነው። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አላጣም። ሦስት የኢርፎን ሳጥኖች በመካከላችን ተቀምጠዋል። እያንዳንዳቸው ላይ በራሴ የእጅ ጽሑፍ «ግራው ቻርጅ አይዝም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

«ዕቃው ነው ሐጂ» አልኳቸው። «ሲመጣም ተበላሽቶ ነው የመጣው።»

የሚሉት እውነት መሆኑን ከሳቸው በፊት አውቄዋለሁ። አስራ ስድስት ቀን ሙሉ አውቄዋለሁ።

ሥራዬ ይኸው ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ ያለው የሐጂ ሱቅ ገባሁ። የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀር፣ ገመድ፣ ኢርፎን እንሸጣለን። ገመድ አልባዎቹ ኢርፎኖች ከመጡ ወዲህ ደግሞ ግማሽ ቀኔ የሚያልቀው ቻርጅ ያደርጋል አያደርግም በሚል ጭቅጭቅ ነው። ከዲንሾ የመጣውም ከጎባ የመጣውም ሳጥኗን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ «እስቲ እይልኝ» ይላል። አይለታለሁ። ሳጥኗን እሰካለሁ፣ ሁለቱን ፍሬዎች በየጎድጓዳቸው አስቀምጣለሁ፣ ቀይ መብራት መምጣቱን አያለሁ። ካልመጣ ከሥር ያሉትን ትንንሽ ወርቃማ ነጥቦች በላጲስ እፈገፍጋለሁ፤ የጆሮ ኩክና የሮቤ አቧራ ተጋግሮባቸው ነው የማገኛቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አውጥቼ፣ በጥጥ ጠርጌ፣ የቀኙን በቀኝ የግራውን በግራ ጆሮዬ ከትቼ እሰማለሁ።

ይህ የመጨረሻው ፈተና የሐጂ ሕግ ነው። መብራቱን አያምኑም። ባትሪው የሞተ ኢርፎንም ቀይ ያበራል ይላሉ። «መብራት ያታልላል፣ ጆሮ አያታልልም» እያሉ ነው ሥራውን ያስተማሩኝ። እኔም ያንን ቃል አጥብቄ ያዝኩት።

ነገሩ የጀመረው በራሴ ኢርፎን ነው። ጉንፋን ይዞኝ ከርሞ ገና መሻሌ ነበር። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ዘፈን ከፈትኩ። የቀኙ ይዘፍናል፣ የግራው ዝም ብሏል። ማታ ሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ስለነበር አልገረመኝም። ሳይሞላ ቀርቶ ነው ብዬ ሱቅ እንደደረስኩ ሰካሁት። ቀይ በራ። ከቆየ በኋላ ጠፋ፤ ሞላ ማለት ነው። ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩት። ምንም። በላጲስ ፈገፈግኩት፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ ቻርጀሩን ቀየርኩ፣ በአፌ እፍ አልኩበት። መብራቱ በያንዳንዱ ጊዜ በትክክል ይመጣል፣ በትክክል ይጠፋል። ጆሮዬ ግን ምንም አይልም። በሐጂ ሕግ መሠረት ጆሮዬን አመንኩ።

ለዚህ ቀላል ማጣሪያ አለ፤ ማንም ሕፃን ልጅ ያስበዋል። የግራውን ፍሬ አውጥቶ ቀኝ ጆሮ ውስጥ መክተት ነው። አስቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ እጄ እስከ አገጬ ደርሶ ተመልሷል። በሱ ፈንታ ከመደርደሪያ አዲስ ኢርፎን አወረድኩ። ሞላሁት፣ ሞከርኩት፣ የግራው ዝም። ሌላ አወረድኩ። ዝም። ሦስተኛውንም አወረድኩ። ወረቀቶቹን በቆንጆ ጽሑፍ ጻፍኩ። ለሐጂ «ይሄ ዕቃ ተበላሽቶ ነው የመጣው» አልኳቸውና ሦስቱን ከባንኮኒው ሥር ከተትኳቸው።

አንድ ጆሮ ዝም ቢል ይህን ያህል ምን ያስፈራል የሚል ሰው አባቴን አያውቅም።

አባቴ ከሮቤ ደሎ መና የሚመላለስ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ተራራውን ወጥቶ፣ ጫካውን ቁልቁል ወርዶ ቆላ የሚገባው መንገድ ነው። እኔ ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ፣ አንድ ቀን ሬዲዮዋ ተበላሸች አለ። በቀኝ ጎኑ እየተኛ ከራስጌው በግራ በኩል ነበር የሚያስቀምጣት። ባትሪ ቀየረላት። የድሮዎቹን ባትሪዎች ፀሐይ ላይ አሰጣቸው፣ በጥርሱ ነከሳቸው። ሬዲዮዋን ፈታት፣ ገጠማት። እናቴ «ኧረ ይሰማል፣ ሰፈሩን አደነቆርከው» ብትለው «አንቺ ስለ ሬዲዮ ምን ታውቂያለሽ» አላት። ከዚያ በግራ የሚቀድመውን መኪና ጥሩምባ መስማት ተወ። አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ ረዳቱ ዘሎ መሪውን ጎተተበት። ማንም አልተጎዳም። አባቴ ሮቤ ሲገባ ቁልፉን ለባለንብረቱ አስረክቦ በእግሩ ቤት መጣ። በሁለተኛው ዓመት ቀኝ ጆሮውም ግራውን ተከተለ።

አሁን ትከሻውን ነካ አድርገን ነው የምናናግረው። እኛ ስንስቅ ፊታችንን እያፈራረቀ ያይና ከሁላችን ዘግይቶ ይስቃል። እኔ የምፈራው ያቺን ዘግይታ የምትመጣ ሳቅ ነው። ከኢርፎኑ በኋላ ሰው ሲስቅ ቀድሜ መሳቅ ጀመርኩ።

ሌላም ነገር መጣ። ጎረቤታችን ያሉ ትልቅ ሴት ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ወደ ሥራ ስሄድ በግራዬ ናቸው። እኛ ጋ ሰላምታ ዝም ብሎ አይታለፍም። «አካም ቡልተ» ተብሎ እንዴት አደርሽ ይጀመርና ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ተራ በተራ ይጠየቃል። መልስ ሳይሰጥ የሚያልፍ ሰው ሰደበ ማለት ነው። እኔ ሦስት ጠዋት አልፌያቸዋለሁ። በአራተኛው ቤታችን መጥተው እናቴን «ልጅሽን ምን አደረግናት?» አሏት። «ከብት እንኳ ሲጠሩት ዞር ብሎ ያያል።»

እናቴ ተቆጣችኝ። «ጆሮሽ ውስጥ የምትወትፊው ነገር ሰው አስረሳሽ።»

የዳንኩ መሰለኝ። ለካ ሰበብ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘፈን ባይኖርም መንገድ ላይ ኢርፎኑን ከጆሮዬ አላወጣም። ኩሩ ይበሉኝ። ደንቆሮዋ የደንቆሮው ልጅ ከሚሉኝ ኩሩ ይበሉኝ። መንገድም ቀየርኩ፤ ሰው ሁሉ በቀኜ የሚሆንበትን ዳር መርጬ መሄድ ያዝኩ። መናኸሪያው ግን ምንም አልመች አለኝ። ረዳቶቹ ሲጣሩ ድምፁ ከየት እንደመጣ አይታወቀኝም። ስሜን ቢጠሩኝ በራሴ ዙሪያ እንደ ሰካራም እዞራለሁ።

በአስራ ስድስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ገብስ ጭኖ ከዲንሾ የመጣ ወጣት ኢርፎኑን ይዞ ገባ።

«የቀኙ ቶሎ ያልቅብኛል። ቻርጅ ማድረጉን እይልኝ።»

ሰካሁት፣ ጠበቅኩ፣ ሞከርኩት። «የቀኙ ደህና ነው። የሞተብህ የግራው ነው።»

«የግራው? የግራው እኮ እንደ ጅብ ይጮሃል።» ወስዶ ጆሮው ውስጥ ከተተው። «ይኸው። ከዲንሾ እስከዚህ ሲዘፍንልኝ ነው የመጣው።»

«ጆሮህን ታጠብ።»

«እኔ የምሰማው ልታጠብ? የማትሰሚው አንቺ ነሽ።»

ሳቀ። እኔ ግን ቀድሜው ስቄ ነበር። ሐጂ ከኋላ ወንበራቸው ላይ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃውን፣ ይቆጥሩ ነበር። ጣታቸው ቆመ።

ልጁ ኢርፎኑን ይዞ ሄደ። ሐጂ የቀትሩን ዙህር ሰግደው ሲመለሱ ምንም ሳይናገሩ ጎንበስ ብለው ሦስቱን ሳጥኖች ከባንኮኒው ሥር አወጡ። ሦስቱንም ሰኩ። እኔ የጸዳ መደርደሪያ መልሼ መጥረግ ያዝኩ። ቀዩ እስኪጠፋ ጠበቁ፤ ከዚያ አንድ በአንድ በስልሳ ምናምን ዓመት ጆሯቸው ሞከሯቸው። ሲጨርሱ ነው ስለ ግራ ጆሮዬ ያንን ቃል ፊት ለፊቴ የተናገሩት።

«ነይ ወዲህ» አሉኝ ቀጥለው።

ስልካቸው ላይ መንዙማ ከፈቱ። የአንደኛውን ሳጥን የግራ ፍሬ አንስተው ሰጡኝ። «ቀኝሽ ላይ አድርጊው።»

አደረግኩት። ድቤው ራሴ ውስጥ ገባ። ግልጽ፣ ንጹሕ። አስራ ስድስት ቀን የሸሸሁት ነገር ይህን ያህል ቀላል ነበር።

«ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«አሁን ግራሽ ላይ።»

ከተትኩት። ጋቢ የተወተፈበት ያህል ዝም። ሐጂ ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

«አሁንስ?»

«ይሰማል» አልኩ።

«ምን ይላል?»

«ያው መንዙማው ነዋ።»

ስልካቸውን ገልብጠው አሳዩኝ። መንዙማውን አጥፍተውት ነበር።

የዕቃ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም፤ ልብሴን ይዤ መሮጥ ነበር የፈለግኩት። ሐጂ ከባንኮኒው ወጥተው በቀኜ በኩል መጥተው ቆሙ። የትኛው ጎኔ እንደሚሰማ አስበው ነው። እሱ ከሁሉ በላይ አስፈራኝ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ሆዳቸው ሲራራ ነው «ልጄ»ን በኦሮምኛ የሚሉኝ። «ያኔ እዚሁ ሱቅ ሬዲዮና ባትሪ ነበር የምሸጠው። አባትሽ ያቺን ሬዲዮ ሦስት ጊዜ አምጥቶልኛል። ሦስት ጊዜም አዲስ ባትሪ ሰጥቼ መለስኩት። ሬዲዮዋ ምንም አልነበረባትም። እኔ እሰማት ነበር። ሙሉ ሰው፣ ያውም ሾፌር፣ ጆሮህን አሳይ ይባላል ብዬ አፈርኩ።»

«ሐኪም ቤት ቢሄድስ ኖሮ ምን ያደርጉለት ነበር?»

«አላውቅም። ስላልሄደ አላውቅም። አንቺን ግን አላፍርም። ጎባ ሐኪም ቤት አሁኑኑ ሂጂ።»

«ነገ እሄዳለሁ። ዛሬ ገበያ ነው።»

«ገበያ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ሱቁን ከአንቺ በፊት ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

«ጉንፋኑ ይሆናላ። ይለቀኛል።»

«ጉንፋኑ ከሆነ ጉንፋን ነው ይሉሽና ትመጫለሽ። ኩክም ከሆነ ያወጡልሻል።»

«ቀኙም ይከተላል ቢሉኝስ ሐጂ?»

ሙስበሃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። የሱቁን ቁልፍ ከእጄ ወሰዱ፤ በጣም ጨብጬው ስለነበር ጣቶቼን አንድ በአንድ ነው የከፈቱት።

«ለእናቴ አይንገሩብኝ።»

«አልነግርም። አንቺ ነሽ የምትነግሪያት።»

የራሴን ኢርፎን ከኪሴ አወጣሁ። ጠዋት ምንም ሳይዘፍን ጆሮዬ ውስጥ ሆኖ ነበር የመጣው። በጥጥ ጠረግኩት፣ ሁለቱን ፍሬዎች በየጎድጓዳቸው አስቀመጥኩ፣ ሳጥኗን ሰካሁ። የቀኙም የግራውም ቀይ በራ። ሻርፔን አንስቼ ወጣሁ።

«ጎባ፣ ጎባ፣ ጎባ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ወዲያና ወዲህ ዞሬ አየሁና ረዳቱ በአንዱ ሚኒባስ በር ላይ እጁን ሲያወዛውዝ አገኘሁት። ሮጬ ገባሁ። ግራ ጆሮዬን ወደ መስኮቱ አድርጌ ተቀመጥኩ። በሩ ተዘጋ፣ መኪናው ተነሳ።