«ለኔ ብለህ»

የልጅ ልጆቼ «እምዬ፣ የእስሩን ይንገሩን፤ ግጥሟንም ይበሉልን» እያሉ ሰነበቱ። ግጥሟን ስላት አፍራለሁ። ቢሆንም እኔ ፊደል አልቆጠርኩምና፣ እያወራሁ እነሱ ይጻፉት።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ያሰረኝ ጫካ ላለው ባሌ ስንቅ አቀበልሽ ብሎ ነው። የታጎርንበት ቤት ጎተራ ነበር፤ ግድግዳው ገና ጤፍ ጤፍ ይሸታል። መጸዳጃችን ጥግ ላይ ያለ ጣሳ ነው፤ ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ያያል። ከብርዱም ከረሃቡም ያ ባሰብኝ። አብረውን የታሰሩ አንዲት መነኩሴ ነጠላቸውን ዘርግተው ይከልሉኝ ነበር። የቅኔ መምህር ልጅ ናቸው፤ ከጓዳ ሆነው ሲሰሙ ያደጉ።

ቀን ቀን ለወታደሩ ገብስ እንፈጫለን። የታሰረች ሚስቱን ለማስፈታት መሣሪያውን የሚያስረክብ አለ ሲባል ሰማሁ። የኔውም እንዳያደርገው ፈራሁና፣ መጁን እየገፋሁ እንዲህ አልኩ፦

ብርዱ ቢበረታ፣ ሰማዩ ቢጋረድ፣
ጽና ከተራራው፣ ለኔ ብለህ አትውረድ።

«ልጄ፣ ግጥምሽ ታነክሳለች» አሉ እማሆይ።

«ብታነክስስ? እህቴ ስንቅ ስታመጣ ነግሬያት ትልክልኛለች።»

«በስንት አፍ አልፋ! አንካሳ ግጥም መንገድ ላይ ትቀራለች። በይ፣ ስትገፊ ግማሹን፣ ስትመልሺ ግማሹን።»

ብርዱ ቢበረታ፣ ገፋሁ። ሰማዩ ቢጋረድ፣ መለስኩ። እማሆይ በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ ስድስት፣ ስድስት። «ጽና ከተራራው»ም ልክ ሆነ። «ለኔ ብለህ አትውረድ» ስል ግን እጄ ደርሶ ቃሉ ተረፈ።

«ሰባት! ‹ለኔ ብለህ› ይውጣ። ደሞስ ላንቺ ብሎ ይወርዳል ያለሽ ማነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ራሴን የካብኩ መሰለኝና ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። በምትኩ «አደራ» አስገባን፦ «ጽና ከተራራው፣ አደራ አትውረድ።» መጁ እንደ ውሃ ሄደ።

እህቴ ግጥሟን ይዛ ሄደች። በማግስቱ እማሆይን ተራዬን እኔ ከለልኳቸው፤ ዘበኛውን ዓይን ዓይኑን እያየሁ። አቀረቀረ።

ብዙ ሳልቆይ «ምሕረት ነው» ብለው ለቀቁኝ። ባሌ የመጣው ጣሊያን ከወጣ ወዲያ ነው። ሰው ሲፎክር የሱ ድምፅ አይሰማም፤ እኔ እየፈጨሁ ያቺን ግጥም ሳንጎራጉር ደግሞ ዶማውን አንስቶ ይወጣል። ጭምትነቱ ነው እል ነበር። ያን ሁሉ ዘመን አንጎራጎርኩበት።

እሱን ከቀበርን በኋላ ነው ወንድሙ የነገረኝ፦ ጠመንጃውን አስረክቦ ያስፈታኝ እሱ ኖሯል፤ ግጥሟም የደረሰችው ባዶ እጁን ወደ ጫካው ሲመለስ፣ መንገድ ላይ ነው።