ይግባኙና የእርቁ ወረቀት

ጭሮ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። መሬት፣ ፍቺ፣ የጫት ማሳ ድንበር፣ ያልጻፍኩት ነገር የለም። በኦሮምኛም በአማርኛም እጽፋለሁ። የሚያሸንፈውም የሚሸነፈውም እኔ ጋ ነው የሚጀምረው። የገዛ እህቴን ይግባኝ እጽፋለሁ ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ እናታችን ፊት ይህን ተረት የሚተርት ካለ ግን ከቤት ይባረራል።

እህቴ መቻራ ውስጥ ምግብ ቤትና ጥቂት አልጋ ነበራት። ከቦኬ አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ «ዕቃ ታጥቢያለሽ» ብላ አመጣች። መታወቂያዋን ቀምታ ቆለፈችበት፣ ከዚያም አልጋ ለያዙ ወንዶች እያቀረበች ገንዘቡን ተቀበለች። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ፍርዱ ነው። በሰው የመነገድ ወንጀል ጥፋተኛ ናት ተብላ አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደባት።

የፍርዱን ግልባጭ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ እንደ ወንድም ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነው ያነበብኩት እያልኩ። ከዚያ ዘጠኝ ገጽ ይግባኝ ጻፍኩ። ልጅቷ በፈቃዷ ነው የመጣችው አልኩ። ምስክሮቹ እርስ በርሳቸው ይጣረሳሉ አልኩ። እህቴ በቤቷ ስለሆነው ነገር የምታውቀው የለም አልኩ። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ይህ ሁሉ ቢታለፍ እንኳ ቅጣቱ ይቀነስላት አልኩ። አቦ፣ ያምር ነበር! አጠገቤ የሚጽፈው ሰውዬ አንብቦ «ይቺን ሴትዮ እኔም ብሆን ነጻ እለቃታለሁ» አለኝ። እሱ ደግሞ ሰው አያሞግስም።

እናቴ በወረቀት አታምንም። «ዳኛም ሰው ነው፣ እርቅ ይሰማል» አለችና ከገለምሶ ሁለት ሐጂዎች አስመጣች፣ የልጅቷን አባትና አጎት አስጠራች፣ ጃርሱማ አስጀመረች። ሽምግልና ነው እንግዲህ፤ በእኛ አገር ነፍስ የጠፋበት ነገር እንኳ በሱ ያልቃል። ደንቡ አንድ ነው፦ በዳይ አስቀድሞ «በድያለሁ» ማለት አለበት። ካላለ ሽማግሌ የምርቃት ጫቱን አይቀነጥስም፣ ዱዓም አያደርግም። ሐጂዎቹ ማረሚያ ቤት ድረስ ሄደው እህቴን ጠየቋት። አለች። ዱዓ ተደረገ፣ ለአባትየው በሬ ተሰጠ፣ ሰዉ ሁሉ አሻራውን አሳረፈ። እናቴም ወረቀቱን ራሷ ወስዳ መዝገብ ቤት አስገባች። ለእኔ የነገረችኝ ካስገባች በኋላ ነው።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«እርቅ ነዋ! ሌላ ምን ይላል?»

የክርክሩ ዕለት የመሐል ዳኛው በአንድ እጁ የኔን ዘጠኝ ገጽ፣ በሌላው እጁ የሽማግሌዎቹን አንድ ገጽ ያዘ። «ይግባኝ ባይ» አላት፣ «ይኼኛው ምንም አላደረግኩም ይላል። ይኼኛው ደግሞ አታልዬ አምጥቻታለሁ፣ በድያለሁ፣ ማሩኝ ይላል። የትኛውን እንመን?» እህቴ አቀረቀረች። ሐጂዎቹ ከኋላ ተቀምጠው፣ ወረቀታቸው ስለተነበበላቸው ራሳቸውን በደስታ ይነቀንቃሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። እኔ ዘጠኙን ገጽ ባኝከው ደስ ይለኝ ነበር።

ለክርክሩ የቆመላት ጠበቃ ሰው ነው፣ አልደነገጠም። «እንግዲያውስ እርቁ ለቅጣት ማቅለያ ይያዝልን» አለ። ዳኞቹ ተንሾካሾኩና ለውሳኔ ቀጠሩ። ነጻ መውጣት ቀረ። የቀረን እርቁ ብቻ ነው፤ ተበዳይ ይቅር ብላለች ከተባለ ዓመቱ ይቀንስ ይሆናል። እናቴ ያን ቀን ማታ ጾም ተሳለች።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ልጅ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ስለሷ ዘጠኝ ገጽ ጽፌያለሁ፤ አይቻት ግን አላውቅም። ከቦኬ ነኝ ስትለኝ ነው የገባኝ።

«ጋሼ» አለችኝ በኦሮምኛ፣ «ታርቃለች የሚል ወረቀት አለ ብለውኛል። ያንብቡልኝ።»

ቅጂው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አላቋረጠችኝም።

«የኔ አሻራ የቱ ነው?»

እንደሌለ እያወቅኩ ፈለግኩ። የአባቷ አለ፣ የአጎቷ አለ፣ የሐጂዎቹ አለ። «የለም» አልኳት።

«በሬውንም አላየሁትም» አለች። «እኔ አልታረቅኩም። ይህን ይጻፉልኝ።»

«የሴትየዋ ወንድም ነኝ» አልኳት። ወላሂ፣ ሌላ ጸሐፊ ጋ ትሂድልኝ ብዬ ነው።

ትንሽ አየችኝ። «ታዲያ መጻፍ አይችሉም?»

ጻፍኩላት። እህቴን እወዳታለሁ። አራት መስመር ሆነ፦ ለአካለ መጠን የደረስኩ ሰው ነኝ፤ እርቁን የጨረሱት ሌሎች ናቸው፤ እኔን የጠየቀኝ የለም፤ አልታረቅኩም። ላሳምረው ብዬ የሚጨመር ቃል ፈለግኩ፣ አጣሁ። አሻራዋን አድርጋ ለዐቃቤ ሕግ ወስዳ ሰጠች።

ፍርዱም ቅጣቱም ጸና። አሥራ ሁለት ዓመት፣ አንድ ቀን ሳይቀነስ። እናቴ ሐጂዎቹን ረገመች፣ ዳኛውን ረገመች፣ የልጅቷን ወረቀት የጻፈውን ሰው ደግሞ እጁን ይቁረጠው አለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ «አሚን» አልኩ፤ ምን ልበል?

ከሳምንት በኋላ ማረሚያ ቤት ሄድኩ። እህቴ ያመጣሁላትን ሳሙናና ዳቦ ተቀብላ፣ «ያቺን ማመልከቻ ማን ጻፈላት?» አለችኝ።

«እኔ።»

ስድቧን ጠበቅኩ። ቀድሞ ስትሳደብ መቻራ ገበያ ይሰማ ነበር። ሳሙናውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«እኔም እሷን ብሆን አልታረቅም» አለች። ቀጥላም ይህን ለእማዬ እንዳልነግራት ለመነችኝ።