ለመሸከም ሲሆን ሁሉም መጣ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ በረዶው መቅለጥ በጀመረበት ሰሞን ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሳስታውሰው ግን አሁንም ደሜ ይፈላል። ለሰው ስነግረው "ታዲያ በመጨረሻ ተሠራ አይደል?" ይሉኛል። አዎ፣ ተሠራ። የሚያናድደኝም አሠራሩ ነው።

የምኖረው ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አብረውኝ ያሉት አባቴ ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። እኔ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ዌርሃውስ የከሰዓት ሺፍት እሠራለሁ። ሕንፃችን ሁለት ኤሌቬተር አለው። አንዱ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ሞቷል። ሌላው አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ይቆማል።

የአባባ የዓይን ኦፕሬሽን ቀጠሮ ዲሴምበር ላይ ነበር። ጠዋት ካፖርታቸውን አልብሻቸው ኮሪደር ላይ ወጣን። ቁልፉን ብጫነው ዝም አለ። ግማሽ ሰዓት ቆምን። "በደረጃው እንሞክረው" አሉኝ። አንድ ፎቅ ሳንወርድ ጉልበታቸው ከዳቸውና ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ሆስፒታል ደውዬ የተሰጠኝ ሌላ ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ ነበር።

በዚያው ንዴቴ ታች ወዳለው የሕንፃው ኦፊስ ወረድኩ። ማናጀሩ ትሁት ሰው ነው። "ፓርቱ ኦርደር ተደርጓል፣ ከውጭ አገር ነው የሚመጣው" አለኝ። ይህን ከሴፕቴምበር ጀምሮ ስሰማው ነበር። ጮህኩበት። ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ጠረጴዛውን በእጄ መታሁት። ሲኪዩሪቲ ጠራ። በሦስተኛው ቀን "ሠራተኛችንን አስፈራርተሻል" የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በቤቴ በር ሥር ገባ።

ደብዳቤውን ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳነብ ፊት ለፊት የሚኖሩት ሚስ አርሊን በራቸውን ከፈቱ። ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከአባቴ ይበልጣል። ሰላም ከመባባል በቀር አናወራም ነበር።

"ስትጮሂ ሎቢው ተንቀጠቀጠ ብለውኛል። ምን አገኘሽበት?" አሉኝ።

ደብዳቤውን አሳየኋቸው። "ግቢ" አሉኝ።

የነገሩኝን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ተወልደው ያደጉት በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በአንዱ ነው። የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበሩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው። ከኮሌጁ አጠገብ አንድ ትልቅ ሱቅ ነበር። ጥቁር ሰው ደብተርና ሳሙና ይሸጥለታል፤ ምግብ የሚቀርብበት ባንኮኒ ላይ ግን መቀመጥ አይፈቀድለትም። ተማሪዎቹ ሄደን እንቀመጥ ብለው ተስማሙ።

"ከመሄዳችን በፊት ለሳምንታት ተለማመድን" አሉ። "ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ። ግማሾቻችን ነጭ ሆነን እንሳደባለን፣ ፀጉር እንጎትታለን፣ የሲጋራ ጭስ ፊት ላይ እንተፋለን። ግማሾቻችን ዝም ብለን እንቀመጣለን። አብራኝ የምታድረው ልጅ ልምምድ ላይ የአንዱን ጥርስ አወለቀችው። አንቺ አትሄጂም፣ እዚህ ሆነሽ ስልክ አንሺ ተባለች።"

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"ጀግንነት አይምሰልሽ። አብዛኛው መጠበቅ ነው። የኬሚስትሪ ፈተና ስለነበረብኝ ባንኮኒው ላይ መጽሐፌን ዘርግቼ አጠና ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ፖሊስ አፈሰን። ከእስር ስወጣ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት አስጠርቶ የመባረሪያ ደብዳቤ ሰጠኝ። እሱም እንደኔ ጥቁር ነው። በጀቱን ከመንግሥት ስለሚቀበል ፈርቷል። እያለቀሰ ነው የሰጠኝ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ልቅሶው ምን ይሠራልኛል?"

የኬሚስትሪ አስተማሪ የመሆን ሐሳባቸው በዚያው ቀረ። አግብተው ቶሮንቶ መጡና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሆስፒታል ልብስ ሲያጥቡ ኖሩ። ባንኮኒው ከወራት በኋላ ለሁሉም ተከፈተ። እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ በልተውበት አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ኪችናቸው ውስጥ ያለማምዱኝ ጀመር። እሳቸው ማናጀሩን ይሆናሉ። "እናንተ ሰዎች አገራችሁ ኤሌቬተር አለ እንዴ?" ይሉኛል። ስመልስ "ወደቅሽ። እንደገና" ይሉኛል። አንድ ቀን የቀዘቀዘ ውሃ አናቴ ላይ አፈሰሱብኝ። ብድግ ስል "ወደቅሽ" አሉና ፎጣ ሰጡኝ። ፀጉሬን አድርቄ ስጨርስ እንደገና አፈሰሱብኝ።

"ጠረጴዛውን አትንኪ። አትሳደቢ። አንድ ጥያቄ ብቻ ያዢ፤ በአንድ ዓይነት ቃል ደጋግመሽ ጠይቂው" አሉኝ። ጥያቄዬ "ኤሌቬተሩ መቼ ይሠራል?" የሚል ሆነ።

ሁለተኛው ቀጠሮ አሥር ቀን ሲቀረው የቀረው ኤሌቬተርም ጭራሽ ቆመ። በር ለበር ዞሬ ኤሌቬተሩ ይሠራልን የሚል አቤቱታ ላይ አርባ ሁለት ሰው አስፈረምኩ። ሰኞ ጠዋት ኦፊሱ ውስጥ ቁጭ እንበል አልኳቸው። ሁሉም እሺ አለኝ።

አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጋሽ ሙሉጌታ የሚባሉ የታክሲ ሹፌር አሉ። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጡ ናቸው። ፈርመዋል። ስለ ሰኞው ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"ዘሃራ፣ እኛ ፖለቲካ ሸሽተን ነው የመጣን" አሉኝ።

"ኤሌቬተር ፖለቲካ ነው እንዴ ጋሽ ሙሉጌታ?"

"እኔም ተማሪ ነበርኩ። ሰልፍ ወጥቼ አውቃለሁ። አብረውኝ የወጡትን ቀብሬ ነው የጨረስኩት። ተይኝ።"

ተውኳቸው።

ሰኞ ከአርባ ሁለቱ ስድስት ሰው መጣ። እስከ እኩለ ቀን ተቀመጥን። "ኤሌቬተሩ መቼ ይሠራል?" ስል ማናጀሩ "ፓርቱ ኦርደር ተደርጓል" ይላል። ማክሰኞ ሦስት ሆንን። ረቡዕ እኔና አንዲት የፊሊፒንስ ሴት ብቻ። እሷም ለካ የጠፋ ፖስታዋን ልትጠይቅ ነው የመጣችው።

አሥራ አራት ፎቅ ወጥቼ ሚስ አርሊን ቤት ስደርስ እንባዬ መጣ። "እኛም የቀነስንበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን አራት ብቻ ቀርተን አንደኛዋ ወንድሜን ስለወደደች ነበር የምትመጣው" አሉኝ። ሊያስቁኝ ፈልገው ነው። እኔ ግን ገነፈልኩ።

"የእርስዎ ታሪክ አባቴን አያወርድልኝም!" ብዬ ጮህኩባቸው።

"ልክ ነሽ" አሉና በራቸውን ዘጉ።

የቀጠሮው ዋዜማ ደረጃው ላይ ከጋሽ ሙሉጌታ ጋር ተገናኘን። ነገ አባባን የማወርድበት መንገድ እንደሌለኝ ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ወደ ታክሲያቸው ወረዱ። በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አሥራ አንድ ሰው ቆሟል። ክንድ ያለው ወንበርና ሁለት ነጠላ ይዘዋል። አንድ ሶማሌ ጎረቤት፣ ታሚል የሆነ አንድ የስሪላንካ ሰው፣ ከስምንተኛ ፎቅ የመጡት የጎጃም ልጆች፣ ጋሽ ሙሉጌታ ራሳቸው። ከመካከላቸው ሰኞ ዕለት የመጣ አንድም አልነበረም።

አባባን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው በነጠላው አሠሯቸው። እየተቀባበሉ፣ በየፎቁ እያረፉ ይዘዋቸው ወረዱ። አባባ ሲመርቁ ድምፃቸው ደረጃውን ሞላው። እኔ ከኋላ ካፖርታቸውን ይዤ እከተላለሁ። ላቅፋቸውም ልጮህባቸውም ፈለግሁ። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሲያርፉ አላስቻለኝም።

"ጋሽ ሙሉጌታ፣ ሰኞ ይህ ሁሉ ሰው የት ነበር?"

ላባቸውን ጠረጉ። "ይሄ ሌላ ነው። ይሄ ሰው መርዳት ነው" አሉኝ።

ኦፕሬሽኑ በሰላም አለቀ። አንድ ዓይናቸው ታሽጎ፣ እንዳይጎነበሱና ከባድ ነገር እንዳያነሱ ተነግሯቸው ከሰዓት በኋላ ተመለስን። ሎቢው ውስጥ ማንም የለም። ሁሉም ሥራ ሄዷል። ከታች ወደ ላይ ደግሞ ማን ይሸከማል? በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ ይገባል። ሙቀት ያለው ኦፊሱ ብቻ ነው። አስገብቼ አስቀመጥኳቸው።

"እዚህ መቀመጥ አይችሉም" አለ ማናጀሩ።

"ኤሌቬተሩ መቼ ይሠራል?" አልኩት። ድምፄን አላነሳሁም።

"ነግሬሻለሁ፣ ፓርቱ…"

አባባ እንግሊዝኛ አይሰሙም። "ዘሃራዬ፣ የአስር ሶላት ደርሷል። ቂብላው በየት በኩል ነው?" አሉኝ። ወንበራቸውን ወደ ፕሪንተሩ አዞርኩላቸው። መጎንበስ ስለተከለከሉ ተቀምጠው በምልክት ሰገዱ። ማናጀሩ ስልክ ላይ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ከሥራ የሚመለሱ ሰዎች መግባት ጀመሩ። የኦፊሱ ግድግዳ መስታወት ነው፤ የሚያልፈው ሁሉ አባባን ያያል። መጀመሪያ የገቡት ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው።

"ምነው ሐጂ፣ እስካሁን አልወጡም?"

"ማን ያውጣኝ ልጄ?"

ጋሽ ሙሉጌታ ደረጃውን አዩ። ማናጀሩን አዩ። የታክሲውን ቁልፍ ኪሳቸው ከተቱና ወንበር ስበው ከአባባ ጎን ቁጭ አሉ። ዓይናቸው ግን ፖሊስ የሚገባ ይመስል ከበሩ አልተነቀለም።

ከዚያ ሶማሌው ገባ። ታሚሉ ከነሚስቱ ገባ። ወንበር ሲያልቅ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ለሚስ አርሊን ደወልኩላቸው።

"ስንት ናችሁ?" አሉኝ።

"ሃያ ሦስት።"

"ማንም እንዳይጮህ።"

ማናጀሩ "ኦፊሱ ተዘግቷል፣ ፖሊስ እጠራለሁ" አለ። አንዱ ወጣት ሊሳደብ አፉን ሲከፍት እጁን ያዝኩት። "አንተ ጥያቄውን ብቻ ጠይቅ" አልኩት። ጠየቀ። ሌላውም ጠየቀ። በየተራ ሁሉም ጠየቁ። ማናጀሩ ወደ ጓዳው ገብቶ ስልክ ደወለ።

ብዙም ሳይቆይ ቴክኒሺያኑ የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ። ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ አንዱ ኤሌቬተር ተንቀሳቀሰ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ አባባን እያጀበ አስገባቸው።

እኔ ቴክኒሺያኑን ጠጋ ብዬ ፓርቱ መቼ እንደመጣ ጠየቅሁት።

"ፓርቱማ ከዲሴምበር ጀምሮ ምድር ቤት ስቶር ውስጥ ነው። ሥራ የሚል ትእዛዝ ነው የጠፋው" አለኝ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሦስት ወር። አባቴ ሦስት ወር ሙሉ ግድግዳ እየዳበሱ ሽንት ቤት ሲሄዱ ዕቃው ከእግራችን ሥር ተቀምጦ ነበር።

በሳምንቱ ለሁሉም ቤት አንድ ወረቀት ታደለ። "በኤሌቬተሩ እድሳት ወቅት ስላሳያችሁት ትዕግሥት እናመሰግናለን" ይላል። ይዤው ሚስ አርሊን ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ ስለጮህኩባቸው ይቅርታ ጠየቅሁ። ወረቀቱን አንብበው መልሰው ሰጡኝ።

"የእኛ ከተማ ጋዜጣ የሱቁን ባለቤት ነው ያመሰገነው። በቸርነቱ ፈቀደ ብሎ" አሉኝ። "የእኛ ስም የትም የለም።"

አሁን አባባ በአንድ ዓይናቸው ቁርኣናቸውን ያነባሉ፤ አልሐምዱሊላህ። ጋሽ ሙሉጌታ ባገኙኝ ቁጥር "አሸነፍን እኮ!" ይሉኛል። ዓይናቸው በሩ ላይ ተተክሎ ስላየሁ፣ ያቺ ወንበር ምን ያህል እንደከበደቻቸው ስለማውቅ፣ "አዎ ጋሽዬ" እላቸዋለሁ። በልቤ ግን እነዚያ አርባ ሁለት ሰዎች ሰኞ መጥተው ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ሁለተኛው ኤሌቬተር ዛሬም አይሠራም። የሁለተኛው ዓይናቸው ቀጠሮም እየደረሰ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሚስ አርሊንን ይህ ንዴት መቼ እንደሚለቅ ጠየቅኋቸው። እውነተኛ መልስ ፈልጌ ነበር።

"እኔ እንጃ ልጄ" አሉኝ። "እኔን ከያዘኝ ገና ስልሳ ምናምን ዓመቱ ነው።"