ሰንበት እስኪወጣ

ልጅ እያለሁ በሰፈራችን ሰው ሲሞት ወሬውን ከሁሉም በኋላ የሚሰማው የሟቹ የቅርብ ሰው ነበር። ጎረቤት ያውቃል፣ ባለሱቁ ያውቃል፣ ደረጃ ላይ የሚጫወቱት ልጆች ሳይቀሩ ያውቃሉ፤ እናት ግን አታውቅም። መርዶ በሥርዓቱ ነበር የሚነገረው፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሰዓት ተጠብቆ፣ ዘመድ ተሰብስቦ። እስከዚያው ሰው ሁሉ ይዋሻል። የሚዋሸው በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ያ ደግነት አንድ ዓርብና አንድ ቅዳሜ ቤታችንን እንዴት እንዳመሰው ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የምንኖረው ሃይፋ፣ ኔቬ ዮሴፍ በሚባለው ሰፈር፣ ዳገቱ ላይ ከተደረደሩት ሕንፃዎች በአንዱ ነበር። ከጎንደር ከመጣን ብዙም አልቆየንም። አባታችን ገና እዚያው ሳለን ስላረፈ ቤቱን የያዙት እናቴና ታላቅ ወንድሜ አለሙ ነበሩ። እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ታጸዳለች፤ አለሙ ክርያት አታ ከተማ ፋብሪካ ይሠራል። ዓርብ ከሰዓት በፊት ከሥራ ሲወጣ እናቴ እኔን ታስከትለዋለች። «ትርንጎን ይዘህ ሂድ» ትለዋለች። ትንሽ እህቱን ይዞ መጥፎ ቦታ አይሄድም ብላ ነው። አለሙ ግን እህቱን ይዞ የማይሄድበት ቦታ አልነበረውም።

የዚያን ዓርብ ክርያት ቢያሊክ ከተማ ጫማ ሊገዛልኝ እንደሆነ ነግሯት ወጣን። ጫማውን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ክርያት አታን አልፈን፣ ስንዴው ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ የቀረበት ሜዳ ላይ ደረስን። አሮጌ ጎማ እየኮለኮሉ ክብ መንገድ ሠርተዋል። አቧራው ሰማይ ይነካል። የተቃጠለ ጎማና የቤንዚን ሽታ ከሚሸጠው የተቀቀለ በቆሎ ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫ ይሰነፍጣል። መኪኖቹ መስታወት የላቸውም፤ በራቸው በሽቦ ታስሯል፤ ቁጥራቸው ጎናቸው ላይ በቀለም ተለቅልቋል። እነዚያን ቆርቆሮዎች እሽቅድምድም ያስገቧቸዋል፤ ሰው ደግሞ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። በሰውና በመኪናው መካከል የነበረው አጥር ገመድ ነው። እኛ ሰገነት ላይ ልብስ የምናሰጣበትን የመሰለ ገመድ። ያንን ገመድ ወጥሮ «አጥር ነው» ያለው ሰው ጢም ያበቀለ ዐዋቂ ሰው ነበር።

የአለሙ ጓደኛ ማሩ እዚያ ጠበቀን። ማሩ ከእኛ በኋላ ከአጎቱ ልጆች ጋር የመጣ ልጅ ነው። የአጎቱ ልጆች ወደ ደቡብ ሲሄዱ እሱ ብቻውን ሃይፋ ቀረ። እናቱ ገና ጎንደር ተራዋን እየጠበቀች ነበር። ጋራዥ ውስጥ ስለሚሠራ እጁ ምንጊዜም ግራሶ አይለየውም፤ ምን ብትጠይቀው መልሱ «ቤሰደር»፣ እሺ ደህና ነው፣ ነው። አለሙን ሲያይ ሳቀበት።

«ዛሬም ዘበኛህን ይዘህ መጣህ?»

«እናቴን ታውቃት የለም፤ ምን ላርግ?»

«ዘበኛዋ፣ ጠመንጃሽ የታለ?» አለኝና እፍኝ ሙሉ ሱፍ ሰጠኝ። እኔ አለሙ ጀርባ ተደበቅኩ። ዓይን አፋር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

ማሩ ከሚሽቀዳደሙት መኪኖች አንዷን በእጁ ጠግኗታል። መታጠፊያው ላይ እንዴት እንደምትሆን ካላየሁ ብሎ ገመዱ ሥር ሄዶ ቆመ። አለሙም አብሮት ቆመ፤ እኔም አጠገባቸው። ሽንቴ የመጣው ያኔ ነው። ያን ሁሉ ወንድ መሃል እንዴት ብዬ ልናገር? የአለሙን ሸሚዝ ጎተትኩ። «ምንድን ነው?» አለ። እንደገና ጎተትኩ። ሦስተኛ ስጎትተው ገባውና ተነጫነጨ። «አሁን? ልክ አሁን?» እየተቆጣ ራቅ ብሎ ወዳለው ባሕር ዛፍ ወሰደኝ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ድምፁን የሰማነው እዚያ ሆነን ነው። ስንዞር የሚታይ ነገር የለም፤ አቧራ ብቻ።

ማሩ የጠገናት መኪና አይደለችም። ሌላዋ ናት፣ ከኋላዋ የነበረችው፤ ገመዱን በጥሳ ወጣች። አለሙ እኔን ከዛፉ ሥር «እንዳትነቃነቂ» ብሎኝ ሮጠ። ሲመለስ ሸሚዙ ሌላ ቀለም ሆኖ ነበር። እጄን ይዞ ወደ መንገዱ ወሰደኝና የሃይፋ አውቶቡስ ውስጥ አስገባኝ። «ለእማዬ ደህና ነኝ በያት። ማሩ ተጎድቷል፣ እኔ ከእሱ ጋር ሆስፒታል ሄጃለሁ፣ አመሻለሁ በያት» አለኝ። ደግሜ እንድነግረው አደረገኝ፤ ደግሜ ነገርኩት። አንዲት ቃል አልሳትኩም።

ሰፈር ስደርስ ግን ሬዲዮ ቀድሞኛል። በክርያት አታ አቅራቢያ በመኪና እሽቅድምድም ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ሞተ ብሏል፤ ስም አልጠራም። አለሙ እዚያ መሄዱን ከእናቴ በቀር የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ጎረቤታችን እትዬ ዝማም ደረጃው ሥር አድፍጣ ነበር፤ አፈፍ አድርጋ ወደ ቤቷ አስገባችኝ። ውስጥ የሰፈራችን ትልቅ ሽማግሌ አያ ካሳና ሌሎች ሁለት ሽማግሎች ተቀምጠዋል። ፊቴን በውኃ ጠረገችልኝ።

«አለሙ ደህና ነው» አልኩ። በሕይወቴ ሳልጠየቅ የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ሳይሆን አይቀርም። «ሆስፒታል ነው ያለው። ይመሻል ብሏል።»

ሽማግሎቹ ተያዩ።

«ማነው እንዲህ ብሎ የላካት?» አለ አያ ካሳ። «ብልህ ሰው ነው።»

«እሱ ራሱ ነው ያለኝ!»

«አዎ የኔ ልጅ፣ እሱ ራሱ ነው» አለችኝ እትዬ ዝማም፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ። እንደዚያ በፍቅር ያላመነኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።

በእኛ ዘንድ «ሆስፒታል ነው» የሚባለው ለሟች ነው። ሰው ድንገት እንዳይደነግጥ መጀመሪያ «ታሟል» ይባላል፣ ከዚያ «ሆስፒታል ገብቷል»፣ ከዚያ «ጠንቶበታል»። እኔ እውነቱን ስናገር ለእነሱ የሥርዓቱን ሁለተኛ ደረጃ እያደረስኩ ነበር። ስለ ማሩ ጀመርኩ፤ «ልጅ በሽማግሌ መሃል አይናገርም» ተባልኩ። ዝም ማለት እችልበት ነበር፤ በዚያ ሰዓት የማይረባ ችሎታ።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ሊገባ የቀረው ጥቂት ነው። አሁን ቢነገራት ሰንበትን እያለቀሰች ልትቀበል ነው፤ በሰንበት ደግሞ አይለቀስም። «ሰንበት እስኪወጣ ይቆይ» አለ አያ ካሳ፤ ተቆረጠ። እትዬ ዝማም ቶሎ ብላ ወደ ቤታችን ወጣች፤ ዳቦ ላድርስ ብላ ገብታ፣ ማንም ደውሎ እናቴን እንዳያስደነግጣት የስልካችንን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው። አለሙ ከሆስፒታል ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር። ቢጠራ ቢጠራ የሚያነሳ የለም፤ «ትርንጎ ነግራታለች» ብሎ ልቡን አሳረፈ፤ በሰንበት መንገድ ስለማይኬድም እዚያው አደረ። ይኸውላችሁ፣ ልጇ አለሁ እንዳይላት ስልኩን የነቀለችባት የምታዝንላት ጎረቤቷ ናት።

እናቴ ስትጠይቅ አለሙ ክርያት ቢያሊክ ጓደኛው ዘንድ ሰንበትን ሊያሳልፍ ከአያ ካሳ ፈቃድ ጠይቆ ሄደ ተባለች።

«አለሙ? ፈቃድ?» አለች እናቴ። «ከመቼ ወዲህ?»

ማታውን ጎረቤቱ ሁሉ እየተፈራረቀ መጣ፤ እኔን ከእናቴ ጋር ብቻችንን የተወን የለም። ከእናቴ ጋር በውኃ ፍሳሽ ምክንያት ዓመት ሙሉ ያልተነጋገረች የታችኛው ፎቅ ሴትዮ ሳትቀር አንድ ሳሕን ሽሮ ይዛ መጥታ «የአለሙ እናት፣ አንች እኮ ጥሩ ሰው ነሽ» አለቻት። እናቴ ሳሕኑን ተቀብላ ሴትዮዋን ቆማ አየቻት። የገባት ያኔ ይመስለኛል። ሰው ያለ ምክንያት እንደዚያ ደግ አይሆንም።

በማግሥቱ ጠዋት ሰዎቹ ለጸሎት ሲሄዱ ብቻችንን ቀረን። ሰገነቱ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሜዳውን፣ ገመዱን፣ ባሕር ዛፉን፣ አለሙ ያለኝን ቃል በቃል። እናቴ ታምነኛለች ብዬ ነበር። እናቴ አይደለች?

«ሆስፒታል ነው በያት ያለሽ ማነው?» አለች።

«እሱ ራሱ፣ እማዬ። ሙች እሱ ራሱ ነው።»

«የእትዬ ዝማም ባል የሞተ ጊዜ፣ ሆስፒታል ነው ያልኳት እኔ ነኝ» አለች ወደ ባሕሩ እያየች። «ሾርባ ሠርታ ልትወስድለት ተነሣች። እኔም አብሬያት ካሮት ከተፍኩ።» ከዚያ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። «ለእነሱ እንዳወቅሁ አትንገሪያቸው። ደክመውበታል። ዛሬ ደግሞ ሰንበት ነው።»

ያንን ቀን ሙሉ አላለቀሰችም። እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ የመጣ ሰው ሰላም ሲላት «ሰንበት ሰላም» እያለች ዋለች። ሽማግሎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ያስመስላሉ፤ እሷ አላወቅሁም ብላ ታስመስላለች። ለማስመሰል ምንም ምክንያት እንደሌለ በዚያ ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጮኼ ልናገር አፌን ስከፍት ሰው ሁሉ ብስኩት ያጎርሰኛል። የዚያን ቀን የበላሁት ብስኩት ለዓመት ይበቃኝ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ሰንበት ወጣ። ግን ወዲያው አልተነገራትም፤ ከክርያት አታ ዘመድ በአውቶቡስ እስኪመጣ ይጠበቃል። ሳሎኑ ሞላ፤ ሁሉም ነጠላ ለብሷል። በመጨረሻ አያ ካሳ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «የአለሙ እናት» ብሎ ጀመረ፤ «ልጅ የሰጠ እግዚአብሔር...»

«እማዬ!»

ከታች ነው፤ ከግቢው። የአለሙ ድምፅ።

አያ ካሳ አፉን እንደከፈተ ቀረ። እናቴ ብቻ ተነሣች፤ ባዶ እግሯን ሦስቱን ፎቅ እንዴት እንደወረደች አላየሁም፤ እኔ ስደርስ ታች ነች። አለሙ ከመግቢያው ራቅ ብሎ፣ አስፋልቱ ላይ፣ በሰው ሸሚዝ ቆሟል። ልትደርስበት ስትል ወደ ኋላ ሸሸ።

«አትንኪኝ እማዬ። ማሩን ይዤው ነበር። እጄ ላይ ነው ያረፈው።»

በእኛ ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን እስኪነጻ ከቤት አይገባም፣ ሰውም አይነካውም። እዚህ አገር ብዙዎች ትተውት ነበር፤ እናቴ ግን ከአንዱም ፈቀቅ አትልም። አለሙ ይህን ስለሚያውቅ ነበር ውጭ ቆሞ የተጣራው። ደረጃው ላይ ተደርድሮ የሚያየው ሰው ሁሉ ከዚያ አቋቋሙ ብቻ ነገሩን ተረዳ፤ ሌላ መርዶ አላስፈለገም። እናቴ ቆመች፤ ሸሚዙን አየች፣ እጁን አየች። ከዚያ ሄዳ አቀፈችው። ከትናንት ጀምሮ ያጠራቀመችውን ለቅሶ እዚያው አንገቱ ላይ አወጣችው፤ ግማሹ ለማሩ ነበር። ሰባቱን ቀን ሁለቱም የእትዬ ዝማም ባዶ ክፍል ውስጥ አሳለፉ። ምግብ የማደርስላቸው እኔ ነበርኩ፤ በር ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ።

ማሩ እሑድ ተቀበረ። ሽማግሎቹ ያን ሁሉ ዝግጅት የተዘጋጁለት ቤት የእኛ አልነበረም፤ ጎንደር ነበር። አለሙ «ለማሩ እናት እኔ ልንገራት፤ ስልክ ላግኝና እኔ ልንገራት» ብሎ ለመነ። አያ ካሳ «ብቻዋን ናት። መንገድ ሳትጀምር ብትሞትብንስ? ትምጣና በሥርዓቱ ይነገራታል» አለ። እሷ በጠየቀች ቁጥር ወታደር ቤት ነው ተባለች። ተራዋ ደርሶ እዚህ የመጣችው ከዓመታት በኋላ ነው። ጎህ ሳይቀድ ነጠላ የለበሱት ሰዎች በሩን ሲያንኳኩ ማንም ሳይናገር ገባት። መጀመሪያ የጠየቀችው «እንዴት?» አልነበረም። «መቼ?» ነበር። ሲነግሯት ቁጭ አለች። «ይህን ሁሉ ዘመን ፀጉሬን ስሠራ? የእህቴን ልጅ ስድር እልል ስል? ልጄ አፈር ለብሶ እኔ ስጨፍር ዝም አላችሁኝ?» አለሙ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ያለቀሰው እሱ ነው።

ዛሬ ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። ባለፈው ዓመት አንዲት የሰፈራችን ልጅ የአባቷን ሞት ያወቀችው አውቶቡስ ውስጥ፣ ስልኳ ላይ፣ አንድ የማታውቀው ሰው ከለጠፈው ፎቶ ነው። አጠገቧ አንዲት የምታዝንላት እትዬ ዝማም እንኳ አልነበረችም። ይህንን ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአያ ካሳ አዘንኩለት። ያም አላማረኝ፣ ይህም አላማረኝ። ዩኒቨርሲቲ ተምሬም መካከሉ የቱ ጋ እንደሆነ አልገባኝም።

አለሙ አሁን የልጆች አባት ነው፤ የጭነት መኪና ይነዳል፤ በዝግታ። ዓርብ ዓርብ በአገሩ የትኛውም ጫፍ ላይ ቢሆን ለእናቴ ይደውላል። ሰላምታ የለውም፤ «እማዬ፣ አለሁ» ይላል። እሷም ተናዳ «እሱንማ እየሰማሁህ ነው፤ ምሳ በልተሃል ወይ?» ትለዋለች። ስልኩን ትዘጋና ክብሪቱን ታነሣለች። የሰንበቱ ሻማ የሚለኮሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፤ እሱ ሳይደውል ግን ልትጠልቅ ብትል እንኳ አትለኩሰውም።